አርባ አንድ ጽሑፍና ሰባት አንባቢ

አንድ ደጋ ከተማ ውስጥ ዘርፌ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። የከተማው ሙሽራ ሁሉ እሷ የሰፋችውን ለብሶ ነው የሚዳረው። ባሏ ካረፈ ቆይቷል። ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት፣ ስሟ ውዳሴ።

ዘርፌ ከስፌቱ ሌላ አንድ ሥራ ነበራት፤ በኢንተርኔት ላይ ጦማር ትጽፋለች። ልብስ ሰፊና ጦማር ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፣ እነግራችኋለሁ።

ውዳሴ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ስትጫወት ድንገት ወደቀች። ተንዘፈዘፈች፣ አረፋ ደፈቀች። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አሸተታት። ሌላው እጅና እግሯን ጨምድዶ ያዛት። እናትየው ደግሞ ምላሷን እንዳትውጠው ብላ በጥርሷ መሀል ማንኪያ ሰደደች። አንዱም ትክክል አልነበረም፣ ግን ማን ያውቃል። ለጎረቤቱ «ትኩሳት ነው፣ ተሽሏታል» ተብሎ ተነገረ። ልጅቷ ግን መውደቋን ቀጠለች።

ዘርፌ ሦስት ዓመት ተንከራተተች። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ደግ ሐኪም ቁጭ አድርጎ አስረዳት። የሚጥል በሽታ ነው፣ መድኃኒት አለው አላት። ስትወድቅ በጎኗ አስተኚያት፣ ራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጊ፣ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቺ፣ ሰዓት ያዢ፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ፣ መድኃኒቷን አንድ ቀንም እንዳታቋርጪ። ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ዘርፌ ከሐኪም ቤቱ ወጥታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ይህን በመጀመሪያው ቀን የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ ልጇ ሦስት ዓመት ባልተሰቃየች ነበር።

ጦማሩን የጀመረችው ለዚህ ነው። ሌላ እናት እሷ የሄደችበትን መንገድ እንዳትሄድ። ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ባለው ጊዜ፣ መቀሱን አስቀምጣ ስልኳን እያነሳች ጻፈች። ሁለት ዓመት ጻፈች። አርባ አንድ ጽሑፍ ሆነ። ሰው የሚባል ግን ዝር አላለም።

ከሱቋ ጎን ሙሉቀን የሚባል ሰው ኮምፒውተር ቤት ነበረው። ማመልከቻ ይተይባል፣ ፎቶ ያትማል፣ ለነጋዴውም ድረ ገጽ ይሠራል። አንድ ቀን ዘርፌ ስልኳን ይዛ ገባች።

«ሙሌ፣ እስቲ ይህን እየው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፍኩ፣ የሚያነብ ጠፋ። ጽሑፌ ነው የማይረባው?»

ሙሉቀን ገጹን በራሱ ኮምፒውተር ከፈተና የጎብኚውን ቁጥር አየ።

«በዚህ ወር ሰባት አንባቢ አለዎት፣ እትዬ ዘርፌ።»

«ሰባት? እሱም ደግ ነው።»

«አምስቱ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ስድስተኛው አሁን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ዘርፌ ስለ ሰባተኛው አልጠየቀችም።

ሙሉቀን ርዕሶቹን እያሳለፈ አነበበ። «ያ ነገር የመጣ ለት»። «ከዚያ ነገር ጋር መኖር»። «ያንን ነገር ለምን እንፈራለን»። መጀመሪያ ስለ ጎርፍ መስሎት ነበር። ሁለተኛውን ሲያነብ ስለ ሌባ መሰለው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ገባውና ሳቁን ተወ። ከዚያ ወንበሩን አዙሮ አያት።

«የኢንተርኔቱ መፈለጊያ አዋቂ አይደለም፣ ተላላኪ ነው» አላት። «ሰው የጻፈለትን ቃል ይዞ ይዞራል፣ ያ ቃል ያለበትን ገጽ ያመጣል። እርስዎ ቃሉን አንድ ቦታ እንኳን አልጻፉትም።»

«እንዴት አልጻፍኩም? አርባ አንድ ጊዜ ነው የጻፍኩት።»

«‹ያ ነገር› ብለው ነው የጻፉት። እትዬ ዘርፌ፣ በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ያ ነገር ነው።»

ሙሉቀን ቀጠለ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የመጀመሪያው ቀን፣ ልጅቷ መሬት ላይ ሳለች፣ እጅዎ ላይ ስልክ ቢኖር ምን ብለው ይፈልጉ ነበር?»

ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል ነበር የተናገረችው። «ልጄ ወድቃ አረፋ ደፈቀች። ምን ላድርግ።»

እሱም እንዳለችው ጻፈው። ውጤቱ መጣ። አንዱ ሥር ቀጥቅጦ የሚሸጥ ነው፣ ስሙም አድራሻውም የለም፣ ስልክ ቁጥር ብቻ። አንዱ እርግማን ነው ይላል። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ናቸው። አምስተኛው ስለ ልብስ ሳሙና አረፋ ያወራል። የዘርፌ ገጽ እስከ መጨረሻው ቢወርዱ የለም።

«እናቶቹ የሚያገኙት ይኼን ነው?» አለች።

«ይኼን ነው።»

የዘርፌ ፊት ልውጥ አለ። ሙሉቀንም አዘነላትና የሚያውቀውን ሁሉ ነገራት። ርዕሱ የተጨነቀችው እናት በምትናገረው ቃል ይሁን። መልሱ መጀመሪያ ላይ ይምጣ። «እርስዎ በሦስት አንቀጽ ስለዚያ ቀን ዝናብ ይጽፋሉ። ልጇ መሬት ላይ የወደቀባት ሴት ስለ ዝናብ አታነብም» አላት። ፎቶዎቹ በጣም ከባድ ናቸው፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ ገጹ ሳይከፈት ልጁ ይነሳል። አንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው የሚያደርስ ሊንክ ይኑረው። ለሚጠይቅ ሰው መልስ ይሰጠው። ዘርፌ ሁሉንም የልክ መጻፊያ ደብተሯ ላይ፣ ከደንበኞቿ የወገብና የትከሻ ልክ ሥር፣ ጻፈችው።

«ሌላውን ሁሉ አደርጋለሁ» አለች ስትነሳ። «ቃሉን ግን አልጽፍም።»

«ለምን?»

«ገጹ ላይ ስሜም ፎቶዬም አለ። ቃሉን ከጻፍኩ የማን ልጅ እንደሆነች አገር ያውቃል። ነገ ማን ያገባታል? ማን ይቀጥራታል?»

«ታዲያ ስምዎን ከገጹ ያጥፉት።»

«ሥር ሻጩም እኮ ስም የለውም። ስም የሌለውን ምክር ማን ያምናል?»

ልክ ናት።

እኔ መቼም ይህን ስሰማ ሴትዮዋን ልወቅሳት አልቻልኩም። እኛ ሕመምን በስሙ የመጥራት ልማድ የለንም። የገዛ አክስቴ በምን እንደሞተች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ «ትንሽ አሟት ነው» ተባልኩ፣ በቃ። ጠይቄም አላውቅም። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር በሹክሹክታ ነው የሚያልፈው፣ ዘርፌም ያደገችው በእንዲህ ያለ ቤት ነው።

ስለዚህ ቃሉን ትታ ሌላውን አደረገች። ዝናቡን አወጣች፣ ፎቶውን አቀለለች፣ ሊንኩን አስገባች። በወሩ አንባቢዋ ከሰባት ወደ ዘጠኝ አደገ። አንዷ ደንበኛዋ ደግሞ «ሰው የሚከፍተው ጉድ ሲባል ነው» ብላ መከረቻትና ዘርፌ አንዱን ጽሑፍ «ጉድ ነው፣ ይህን ሳያዩ አይለፉ» ብላ ሰየመችው። በሁለት ቀን አራት መቶ ሰው ገባ። ከአራት መቶው አንድ እንኳን እስከ መጨረሻው ያነበበ የለም። አንዱ «ጉዱ የታለ?» ብሎ ጽፎላት ወጣ። ዘርፌ ርዕሱን አጠፋችው፣ ቀኑን ሙሉም ደስ ሳይላት ዋለች።

«ቃሉን የመጻፉ ፈቃድ የእርስዎም የእኔም አይደለም» አላት ሙሉቀን፣ ይህን ስትነግረው። «ልጅቷን ይጠይቋት።»

ውዳሴ አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ስለዚህ ጦማር አንድም ቀን ነግራት አታውቅም። እሑድ ከሰዓት ስልኩን ሰጠቻትና «ይህን አንብቢ፣ ከዚያ እናወራለን» አለቻት። ልጅቷ መኝታ ቤት ገባች። ዘርፌ የአንድ ቀሚስ ጠርዝ ሰፋች፣ ፈታች፣ እንደገና ሰፋች፣ እንደገና ፈታች። ውዳሴ አርባ አንዱንም አንብባ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«የፊት ጥርሴ የተሸረፈው ደረጃ ላይ ወድቄ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ የሸረፍኩት» አለች ዘርፌ። «በማንኪያ። ላድንሽ ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነዋ ልጄ። አፍሬ።»

ውዳሴ ቀሚሱን ከእናቷ ጭን ላይ አንስታ ጭንቅላቷን እዚያው አስቀመጠች። ዘርፌ ፀጉሯን እየዳበሰች ብዙ አለቀሰች፣ ልጅቷም አልከለከለቻትም። ሲበቃቸው ዘርፌ ቃሉን ለመጻፍ መፍራቷን፣ ለምን እንደምትፈራም ነገረቻት።

«እማዬ፣ ከማን ነው የምንደብቀው?»

«ከሰው ነዋ።»

«ከየትኛው ሰው? ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። አርባ ስምንት ተማሪ አይቶኛል። መምህራኑ ያውቃሉ። ዘበኛው ጋሽ ታምራትም ያውቃሉ፣ ተሸክመው ያወጡኝ እሳቸው ናቸው። ተማሪዎቹ ቀልደውብኝ ሰለቻቸውና ተዉት። አሁን ማስታወሻ የሚያውሱኝ እነሱ ናቸው።» ቀና ብላ እናቷን አየቻት። «ሊያውቅ የሚችለው ሁሉ አውቋል። አንቺ የደበቅሽው ከሚፈልጉት እናቶች ብቻ ነው።»

ዘርፌ ልጇ መቼ እንዲህ እንዳደገች አልገባትም።

«ጻፊው» አለች ውዳሴ። «በስምሽ ጻፊው። የእኔን ስም ግን አትጻፊ። እሱን ስፈልግ ራሴ እጽፈዋለሁ።»

በማግስቱ ዘርፌ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከፍታ ርዕሱን አጠፋችና «ልጄ ወድቃ አረፋ ደፈቀች፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ያደረገችው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ይህ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ አትደንግጪ፣ ልጅሽን በጎኗ አስተኚያት» የሚል ነው። ያቺን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ስልኩን አስቀምጣ ሦስት ጊዜ አንስታለች። አርባውንም እንደዚሁ አንድ በአንድ አስተካከለች። ሁለት ሳምንት ፈጀባት።

ዋጋ አላስከፈላትም አልላችሁም። በዚያው ወር አንዲት ሴት ለልጇ ሠርግ ያመጣችውን ጨርቅ «ትንሽ ይቆይልን» ብላ መልሳ ወሰደችው። ዓይኗን ሸሽታ ነው የወሰደችው፣ ተመልሳም አልመጣችም። ዘርፌን ይህ ነገር አጥንቷ ድረስ ተሰማት። አንባቢውም ቶሎ አልመጣም። «መፈለጊያው እስኪለምድዎ ጊዜ ይወስዳል፣ ይታገሱት» ይላታል ሙሉቀን፣ በየሳምንቱ እየመጣች ስትጨቀጭቀው።

በሁለተኛው ወር ሃያ ሰው መጣ። በሦስተኛው ስድሳ። ከዚያ ሁለት መቶ አለፈ። እነዚህ እንደ አራት መቶዎቹ ገብተው የሚወጡ አልነበሩም። ያነባሉ፣ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ ይጠይቃሉ። «መድኃኒቱ እንቅልፍ አበዛባት፣ ልተወው?» ትላለች አንዷ። «አትተዪው፣ ለሐኪሙ ንገሪው» ትላለች ዘርፌ። አንድ አባት «ወንድ ልጅ ስለሆነ ሲያድግ ይተወዋል ይሉኛል» ብሎ ጻፈ። እሱን ተቆጥታ ነው የመለሰችለት። ለማንም መልስ ሳትሰጥ አትውልም ነበር።

ከነዚህ መሀል ስሟን «እናት» ብላ ብቻ የምትጽፍ አንዲት ሴት ነበረች። ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ይወድቃል። ሰው እንዳያየው ብላ ትምህርት ቤት አስገብታው አታውቅም፣ ከበር ውጭም አውጥታው አታውቅም።

«ጸበልና መድኃኒት አንድ ላይ ይሆናል ወይ?» ብላ ጠየቀች።

«ይሆናል። ጸበልሽን ጠጪለት፣ አጠጪውም። መድኃኒቱን ብቻ አታቋርጪ» አለቻት ዘርፌ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ተጻጻፉ። ሴትዮዋ በየቀኑ አንድ ነገር ትጠይቃለች፣ ከጥያቄው ሥር ደግሞ ሁልጊዜ «ይቅርታ፣ አስቸገርኩሽ» ትላለች። በመጨረሻ ሐኪሙ የት እንደሚገኝ ጠየቀቻት። ዘርፌም «በእኛ ከተማ ማክሰኞ ማክሰኞ የነርቭ ሐኪም አለ። ልጁን ይዘሽው ነይ። መንገዱ የሚርቅሽ ከሆነም አታስቢ፣ እኔ ቤት ታድሪያለሽ» ብላ ጻፈችላት።

ከዚያ ሴትዮዋ ጠፋች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ዘርፌ ተጨነቀች። «አጣደፍኳት መሰለኝ» ትላለች ለልጇ። «ምናለ ቀስ ብዬ ብነግራት።» ስልኩን ከአጠገቧ አታርቀውም፣ ልብስ ስትለካ እንኳን በዓይኗ ታየዋለች።

ሰኞ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ውዳሴ ከፈተች። የቆመችው አበሩ ናት፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ቤት ጎረቤታቸው። ወደ ሰፈሩ ከገባች አምስት ዓመት ሆኗታል። በአንድ ዕድር ናቸው፣ ለቅሶ አብረው ይደርሳሉ፣ ክረምት ክረምት አጥሩ ሲወድቅ አብረው ያቆሙታል። አንድ ልጅ እንዳላት ይሰማል፣ ገጠር እናቷ ጋ ነው ትላለች። ዘርፌ ለዕድር ጉዳይ የመጣች መስሏት «ግቢ አበርዬ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል» አለች።

አበሩ አልገባችም። ነጠላዋን ገለጥ ስታደርግ ከኋላዋ አንድ ቀጭን ልጅ ቆሟል። ብርሃኑ ከብዶት ዓይኑን ያጨነቁራል።

«ማደሪያ አያስፈልገኝም ዘርፍዬ» አለች አበሩ። «ቤቴ እዚሁ አጥር ማዶ ነው።»

ዘርፌ የያዘችው መቀስ ከእጇ ወደቀ።

«ፎቶሽን ያየሁ ለት ማመን አቃተኝ» አለች አበሩ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «እኔ እኮ በዚህ ሰፈር ብቻዬን መስሎኝ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ። አንቺም እዚህ፣ እኔም እዚያ።»

ዘርፌም አበሩን አቅፋ የአምስት ዓመቱን ሁሉ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ በልጁ ፊት ተንበረከከች።

«የእኔ ጌታ፣ ስምህ ማን ነው?»

ልጁ እናቱን አየ። እናቱ ራሷን ነቀነቀችለት።

«ኪሩቤል» አለ።

ዘርፌ የልጁን ስም ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። በማግስቱ ማክሰኞ ነበርና አራቱም በዋናው መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ። ልጁን መሀል አድርገው እጁን የያዙት ውዳሴና እናቱ ናቸው።

ወዳጆቼ፣ የዚህ ታሪክ ትምህርቱ ይህ ነው። ጽሑፋችን አንባቢ ሲያጣ ሰው ማንበብ ጠላ እንላለን፣ መፈለጊያውን እናማለን፣ «ጉድ» እያልን እንጮሃለን። ዘርፌ አንባቢዎቿን ያገኘችው ግን ሌላ መንገድ ሄዳ ነው። ሰው በጭንቁ ቀን የሚናገራትን ቃል ሳታፍር ጻፈች፣ መልሱን ከፊት አስቀመጠች፣ በስሟ ቆመች፣ ለጠየቃት ሁሉ መለሰች። አራት መቶ ጎብኚ የሰጣትን አንዲት ጎረቤት ከሰጠቻት ጋር አስተያዩት። ነገሩን በስሙ ሳንጠራው ስንቀር ከሐሜተኛው ያመለጥን ይመስለናል፤ የሸሸነው ግን ያንኑ ነገር ይዞ ብቻውን ከሚጨነቀው ሰው ነው።

እናንተስ አውቃችሁት፣ ኖራችሁበት፣ ግን በስሙ ጠርታችሁት የማታውቁት ነገር ምንድን ነው? አሁን በዚህች ሰዓት፣ ከአጥራችሁ ማዶ፣ ማን ይሆን የሚፈልገው?